አዲስ የተመረጠ የጠበቆች ማኅበር አመራር ምን ያስቀድም?

የአዲስ ሥራ አስፈጻሚ የመጀመሪያ ቃለ ጉባኤ ከማኅበር ማኅበር ብዙም አይለያይም። ሕንፃ መሥራት፣ መጽሔት ማሳተም፣ የጤና መድን፣ ከውጭ አገር ማኅበራት ጋር የልምድ ልውውጥ፣ ቅርንጫፍ መክፈት እየተባለ አሥራ አምስት ነጥብ ይሰፍራል። ዓመቱ ሲዞር አባላት «ምን ሠራችሁ?» ሲሉ መልሱ «ጥረት ተደርጓል» ይሆናል። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ሰባት ወይም ዘጠኝ ሰዎች ያሉበት፣ ሁሉም ቀኑን ችሎት የሚውሉበት ኮሚቴ በአንድ ዓመት በቅጡ የሚጨርሰው ሦስት ሥራ ቢሆን ነው። የእኛ ምርጫ በቅደም ተከተል፦ መዝገቡንና ገንዘቡን ማጥራት፣ ጠበቃው በሥራው ላይ ሳለ ሲደናቀፍ መድረስ፣ ሥልጠናን ቋሚ ማድረግ። ነጻ የሕግ ድጋፍ በሁለተኛው መንፈቅ ይጀመር። ሕንፃው ይቆይ።

ከሁሉ በፊት ማኅበራችሁ የቆመበትን ሕግ ለዩ። በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 የተቋቋመው የፌደራል ጠበቆች ማኅበር አባልነቱ ከፈቃድ ጋር የተሳሰረ ነው፤ የፌደራል ጥብቅና ፈቃድ ያለው ሁሉ አባሉ ነው። አባላት ፈልገው የሚመሠርቱትና ሲፈልጉ የሚለቁት ማኅበር ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይመራል፤ ሪፖርቱንም ለሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ያቀርባል። ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። በፈቃደኝነት የቆመ ማኅበር አባሉን ከማኅበሩ ሊያሰናብት ይችላል እንጂ ፈቃዱን ሊነጥቅ አይችልም። ይህን ሳይለዩ «ከሙያው እናግዳለን» ብለው ደብዳቤ የሚጽፉ አመራሮች በማግስቱ ራሳቸው ተከሳሽ ሆነው ይገኛሉ፤ ከሳሻቸውም ጠበቃ ነው።

መዝገቡና ገንዘቡ

የመጀመሪያው ወር ሥራ የአባላት መዝገብ ነው። አሰልቺ ስለሆነ ማንም አይወደውም፤ ሌላው ሁሉ የሚንጠለጠለው ግን እዚህ ላይ ነው። መተዳደሪያ ደንባችሁ ምልዓተ ጉባኤ ከአባላት ግማሽ ሲደመር አንድ ነው ይላል እንበል። መዝገቡ ላይ 620 ስም ካለ 311 ሰው ካልመጣ ጉባኤው አይሞላም። ከእነዚህ ውስጥ ያረፉ፣ ዳኛ ወይም ዐቃቤ ሕግ ሆነው የተሾሙ፣ አገር የለቀቁ፣ ሁለት ጊዜ የተመዘገቡ 140 ሰዎች ቢኖሩ ትክክለኛው ቁጥር 480፣ ምልዓተ ጉባኤውም 241 ነው። በየዓመቱ «ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ» እየተባለ የሚበተነው ስብሰባ አንዳንዴ የሚበተነው በሌሉ ሰዎች ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ አባል ሙሉ ስም፣ የፈቃድ ቁጥርና ደረጃ፣ ስልክ፣ የሚሠራበት ከተማና ክፍለ ከተማ፣ የመጨረሻው መዋጮ የተከፈለበት ቀን በአንድ ሠንጠረዥ ይግባ። ሁለት ወጣት አባላት በቀን 30 ስልክ ቢደውሉ 620ው በሦስት ሳምንት ያልቃል። ስልኩ የማይነሳ አባል በሁለት ሳምንት ልዩነት ሦስት ጊዜ ይሞከር፤ ከዚያ በጽሑፍ ማስታወቂያ ይውጣ። ስም የሚሰረዘው ግን ደንቡ በሚፈቅደው መንገድና በቃለ ጉባኤ ብቻ ነው። በምርጫ ዋዜማ የሚደረግ የመዝገብ ማጥራት ቅን ቢሆንም እንኳ የሚያምነው የለም፤ ስለዚህ ምርጫው ካለፈ በኋላ ባሉት ሦስት ወራት ውስጥ ጨርሱት።

መዋጮን በተመለከተ፣ በጀት ስትሠሩ ሁሉም ይከፍላል ብላችሁ አትነሡ። 400 አባላት በዓመት 1,500 ብር ቢከፍሉ 600,000 ብር ነው። ወጪያችሁን ግን በ60 በመቶው፣ ማለትም በ360,000 ብር አቅዱ፤ ከዚያ በላይ የገባው መጠባበቂያ ይሁን። በአዋጅ 1113/2011 የምትመሩና ማኅበሩ ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገን ጥቅም የተቋቋመ ከሆነ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። በምሳሌው በ360,000 ብር ሲሰላ ይህ 72,000 ብር፣ በወር 6,000 ብር ነው። ቢሮ ተከራይቶ ጸሐፊ መቅጠር በዚህ አይሞከርም። እዚህ ላይ ብዙ ማኅበራት የሚስቱት የወጪ አመዳደቡን ነው። የሥልጠና አስተባባሪ ወይም የነጻ ሕግ ድጋፍ ባለሙያ ደመወዝ ከዓላማው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ወጪ እንጂ የአስተዳደር ወጪ አይደለም። ሒሳብ ያዡ ሁሉንም «ደመወዝ» በሚል አንድ መስመር ከከተተው ግን ኦዲተሩ ለይቶ አያወጣላችሁም። ስለዚህ የሒሳብ መደቡ ከመጀመሪያው ቀን በሥራ ዓይነት ይከፈል።

ክፍያው በማኅበሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ወይም በድርጅት የቴሌብር ቁጥር ብቻ ይግባ፤ በገንዘብ ያዡ የግል ስልክ በፍጹም አይሁን። ሰውየው የታመነ ቢሆንም፣ የታመነውን ሰው ከሐሜት የሚጠብቀው ደረሰኝ ነው።

የኦዲት ጊዜው አደናጋሪ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ከተዘጋ የሥራና የኦዲት ሪፖርት በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህ እስከ መስከረም ማብቂያ ማለት ነው። የእነዚያ ወራት አብዛኛው ደግሞ የፍርድ ቤቶች ዕረፍት ነው፤ ፈራሚው አገር ቤት ሄዷል፣ ሒሳብ ያዡ ፈቃድ ወጥቷል፣ ኦዲተሮችም በግብር ወቅት ተጣበዋል። ኦዲተሩን ግንቦት ላይ በውል ያዙ፣ ሰነዱን ሰኔ መጨረሻ አስረክቡ፣ ፈራሚዎች ከተማውን ከመልቀቃቸው በፊት የባንክ መግለጫው ይውጣ።

ስለ ውጭ እርዳታ አንድ ነገር። የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 በሰብአዊ መብትና በፍትሕ ዘርፍ ለሚሠሩ ማኅበራት የውጭ ገቢን በ10 በመቶ ሲገድብ፣ ለሴቶች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አገልግሎት ክፉኛ ተዳክሟል። ያ ሕግ በ2011 ተሽሯል። ትምህርቱ ግን አልተሻረም፦ በዕርዳታ ገንዘብ አዲስ ሥራ ጀምሩ፤ የቢሮ ኪራይና የጸሐፊ ደመወዝ ግን በመዋጮ ይቁም።

ጠበቃው ሲደናቀፍ

አባል መዋጮ የሚከፍለው ለመጽሔት ብሎ አይደለም። ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ «ደንበኛህን ማየት አትችልም» ሲባል የሚደውልለት ሰው እንዲኖረው ነው። ማኅበር የሚወደደውም የሚጠላውም በዚህ ነው፤ ቀሪ ጉልበታችሁን እዚህ አፍስሱ።

መጀመሪያ አንድ የተረኛ ስልክ ይኑር። ቁጥሩ አንድ ሆኖ የሚይዘው ሰው በየሳምንቱ ይቀያየር። ስምንት ልምድ ያላቸው ጠበቆች ካሉ እያንዳንዱ በሁለት ወር አንድ ሳምንት ይደርሰዋል፤ ይህን ማንም ይችለዋል። ተረኛው የሚሞላው አንድ ገጽ ቅጽ ይዘጋጅ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ የከለከለው ሰው ኃላፊነት፣ የተጠቀሰው ምክንያት በራሱ አነጋገር፣ ደንበኛው የተያዘበት ሰዓት። የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ነገር ግን የተያዘ ሰው ፍርድ ቤት መቅረብ ያለበት የ48 ሰዓት ቆጠራ የሚነሳው ከእሱ ነው።

ደንበኛን ማግኘት ሲከለከል ተረኛው በዚያው ሰዓት ለጣቢያው ኃላፊ ይደውላል። የክርክሩ መሠረት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 2 ነው፤ በጥበቃ ሥር ያለ ሰው ከሕግ አማካሪው ጋር የመገናኘት መብት እዚያ በግልጽ ተጽፏል። ብዙው ችግር በዚህ ስልክ ይፈታል፤ መርማሪው የማያውቀውን የጣቢያው ኃላፊ ያውቀዋል፣ ወይም ተጠያቂነቱን ይፈራል። ካልተፈታ በማግስቱ ጠዋት የማኅበሩ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ለጣቢያውና ለበላይ ፖሊስ መምሪያ ይደርሳል፤ ቅጂው ላይ የመዝገብ ቤት ማኅተም ሳያስመቱ አይመለሱ። 48 ሰዓቱ አልፎ ደንበኛው ፍርድ ቤት ካልቀረበ ከፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 177 ጀምሮ በተደነገገው መሠረት አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ ይከፈታል። የአቤቱታው ረቂቅ ባዶ ቦታዎቹ ብቻ የሚሞሉ ሆኖ አስቀድሞ ይዘጋጅ። በሌሊት ከባዶ የሚጻፍ አቤቱታ ስህተት አያጣውም።

ሁለተኛው ከባድ ጉዳይ ችሎት መድፈር ነው። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 449 ዳኛው እዚያው ጥፋተኛ ብሎ እዚያው ሊቀጣ ይችላል፤ ጠበቃው ጠዋት በካባ ገብቶ ከሰዓት በኋላ በአጃቢ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ ማኅበሩ የሚሠራው ስህተት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወዲያው መግለጫ ማውጣት ነው፤ ዳኛው በአደባባይ ከተዘለፈ በኋላ ትእዛዙን ማንሳት የሽንፈት ያህል ይሆንበታል። ሌላው «ይግባኝ ይበል» ብሎ መተው ነው። መካከለኛው መንገድ የሚከተለው ነው። ተረኛው በዚያው ዕለት ከፍተኛ ልምድ ያለውና በችሎቱ የሚከበር አንድ ጠበቃ ይልካል፤ ከሦስት ሰው በላይ ከሆነ ሰልፍ ይመስላል። የተላከው ጠበቃ መጀመሪያ የትእዛዙን ግልባጭ ይጠይቃል፣ ከዚያ የታሰረውን ባልደረባ ያነጋግራል፣ ቀጥሎ ችሎቱ ትእዛዙን እንደገና እንዲያይ በአክብሮት ያመለክታል። ጠበቃው በእርግጥ ከተሳሳተ ይቅርታ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ይህን ለባልደረባ መንገርም የማኅበሩ ሥራ ነው። ካልተሳሳተ ይግባኙ በማግስቱ ይገባል፤ የዕግድ ጥያቄው ከይግባኙ ጋር እንጂ ሰንብቶ አይቅረብ። በእስር ላይ ያለው ጠበቃ የነበሩት ቀጠሮዎችም አይረሱ፦ ተረኛው የቀጠሮ ደብተሩን አስመጥቶ የሚቀጥሉትን አምስት ቀናት ለሌሎች አባላት ያከፋፍላል። ባልደረባው ከእስር ሲወጣ አምስት መዝገብ ተዘግቶ ከጠበቀው ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ሦስተኛው የቀጠሮ መብዛት ነው። «ፍርድ ቤቱ ያንገላታናል» የሚል አቤቱታ ለፍርድ ቤቱ ፕሬዝዳንት ጽፋችሁ የምታገኙት «ይስተካከላል» የሚል መልስ ብቻ ነው። ይዛችሁ የምትሄዱት ቁጥር ይሁን። ሠላሳ ፈቃደኛ ጠበቆች ለአራት ሳምንት እያንዳንዱ ቀጠሮ የተላለፈበትን ምክንያት በአንድ ቃል ይመዝግቡ፦ ዳኛ አልተሟላም፣ መዝገቡ አልተመረመረም፣ መጥሪያ አልደረሰም፣ ምስክር አልቀረበም፣ ታራሚ አልመጣም፣ ጠበቃ አልቀረበም። የመጨረሻው ምድብ ያመናል፤ ከዝርዝሩ ከተወገደ ግን ቀሪው ዋጋ የለውም፤ ፍርድ ቤቱ የራሱ መረጃ አለውና። ውጤቱ በምድብ እንጂ በዳኛ ስም አይቅረብ። ውይይቱ ከሦስት አጀንዳ አይብለጥ፤ ለእያንዳንዱም አንድ የሚፈጸም ነገር ይጠየቅ። ለምሳሌ ሦስት ዳኞች በሚቀመጡበት ችሎት አንዱ ከጎደለ ከጠዋቱ 2:30 በፊት በር ላይ ማስታወቂያ ቢለጠፍ ባለጉዳዩ እስከ እኩለ ቀን ኮሪደር ላይ አይቆምም። ወጪ የለውም፣ አዲስ ሕግም አይሻም፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የሚፈጸመው።

ሥልጠና

በ2012 እና በ2013 ብቻ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183፣ የፌደራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234፣ የግልግልና ዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237 እና አዲሱ የንግድ ሕግ ቁጥር 1243 ወጥተዋል። በላዩ ላይ የፌደራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው፣ ሌሎች ፍርድ ቤቶች ሊከተሉት የሚገባ አስገዳጅ የሕግ ትርጉም አለ፤ በአዋጅ ቁጥር 454/1997 ከጀመረ ወዲህ ሰበርን ሳይከታተሉ ጥብቅና መሥራት ድሮ የተማሩትን ሕግ ለደንበኛ መሸጥ ነው።

ሥልጠናው በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 5:30፣ በአንድ ቦታ ይሁን። ቀኑና ቦታው ከተቀያየረ ታዳሚው በግማሽ ይቀንሳል። ሐምሌ፣ ነሐሴና መስከረም ዝለሉ። ተናጋሪን በማዕረግ አትምረጡ። የታወቀ ስም ጋብዛችሁ አዋጁን ከአንቀጽ 1 ጀምሮ ካነበበ ሰዉ ሻይ ዕረፍት ላይ ይበተናል፤ አዋጁን ሁሉም ቤቱ ማንበብ ይችላል። አንድ ርዕስ፣ በዚያ ርዕስ ላይ የተሰጡ አራት ወይም አምስት የሰበር ውሳኔዎች፣ ከአራት ገጽ ያልበለጠ ማጠቃለያ፣ በመጨረሻው አንድ ሰዓት ደግሞ ከታዳሚው የቀረበ፣ ስሙ የተለወጠ እውነተኛ ጉዳይ። ተናጋሪው ከ45 ደቂቃ በላይ አይናገር። መቆጣጠሪያው መግቢያም መውጫም ላይ ይፈረም፤ መግቢያ ላይ ብቻ ከሆነ ፈርሞ የሚሄደው ይበዛል። ጠበቆች ነን፣ እንተዋወቃለን።

ነጻ የሕግ ድጋፍ

ይህን ወደ ሁለተኛው መንፈቅ ያሸጋገርነው ሳይታሰብበት ተጀምሮ በሦስተኛው ወር የሚዘጋ ጠረጴዛ ካልተጀመረው ስለሚብስ ነው። በፌደራል ፍርድ ቤት ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ ወይም በአነስተኛ ክፍያ አገልግሎት እንዲሰጥ ተደንግጎ ነበር፤ የዕቅድ መነሻ አድርጋችሁ ብትይዙት ስሌቱ ይሠራል። ፍርድ ቤት ቅጥር ግቢ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ በሳምንት አምስት ጠዋት፣ በየጠዋቱ ሁለት ጠበቃ፣ ሦስት ሰዓት። በሳምንት አሥር ተራ፣ በወር 43 ገደማ ይሆናል። አርባ ፈቃደኞች ካሉ ለእያንዳንዱ በወር አንድ ጠዋት ይደርሰዋል፤ በአሥር ወር 30 ሰዓት ነው። የቀረው 20 ሰዓት አንድ መዝገብ ይዞ ለመከራከር ይውላል።

ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጡት አንድ ነባርና አንድ ጀማሪ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ጀማሪው ይማራል፣ ነባሩ አይሰለችም። ባለጉዳይን እዚያው ወደ ግል ቢሮ መውሰድ ፈጽሞ ይከልከል። ይህ ክልከላ በጽሑፍ ካልተለጠፈ በሁለተኛው ወር «ጠረጴዛው ደንበኛ መያዣ ሆኗል» የሚል ሐሜት ይነሳል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። የሚመዘገበው የመጣው ሰው ብዛት ብቻ አይሁን፤ ምን ያህሉ አቤቱታ እንደተጻፈለትና ምን ያህሉ ፍርድ ቤት ቆሞ እንደተወከለ ተለይቶ ይያዝ።

መግለጫ ማውጣትና ዝም ማለት

አመራርን እንደ መግለጫ የሚከፋፍለው የለም። አባላት በሁሉም ጉዳይ ላይ የየራሳቸው ወገን አላቸው፤ ማኅበሩም አገሩን ይመስላል። ስለዚህ መመዘኛው ቀደም ብሎ፣ ነገር ሳይነሳ ይጽደቅ። ጉዳዩ የሙያውን ነጻነት፣ የዜጋን ፍርድ ቤት የማግኘት መብት ወይም የሕግ ረቂቅን የሚነካ ከሆነ ማኅበሩ ይናገራል፤ ካልሆነ ዝም ይላል፣ ለምን ዝም እንዳለም አያብራራም። ረቂቁን አንድ ሰው ይጻፍ፣ ሁለት ሰዎች ይዩት፤ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ለአርትዖት የተለቀቀ ረቂቅ መግለጫ መሆኑ ቀርቶ ወሬ ይሆናል። ፍሬ ነገሩን ከባለጉዳዩ ሌላ ከአንድ ምንጭ ሳያረጋግጡ አይውጣ። የሕግ ረቂቅ ላይ ከሆነ አስተያየቱ «እንቃወማለን» ብቻ አይሁን፤ የሚለወጠው አንቀጽና የሚተካው ቃል ተጽፎ ይቅረብ። የምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ አባላት አማራጭ ቃል ያለበትን ወረቀት ነው የሚያነቡት።

ርክክብ

ይህን ከመጀመሪያው ወር ጀምሩት፤ የሚያስረክብ ሰው በምርጫ ከተሸነፈ በኋላ ጊዜም ፍላጎትም አይኖረውም። አንድ ክላሰር ይዘጋጅ፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ የመተዳደሪያ ደንቡ የጸደቀ ቅጂ፣ የቃለ ጉባኤ ዋናዎች፣ የኪራይ ውል፣ የኦዲት ሪፖርቶች፣ የማኅተም ርክክብ ፎርም። የባንክ ፈራሚ ለውጥ ፊርማው ያለበት ቃለ ጉባኤ ስለሚጠይቅ የምርጫው ቃለ ጉባኤ አዳራሹ ሳይበተን ይፈረም፤ በኋላ ፊርማ ለማሰባሰብ ወር ይፈጃል፣ በዚያ ወርም ደመወዝ አይከፈልም። የቴሌግራም ቻናሉ ባለቤትና የኢሜይሉ የይለፍ ቃል ማን ጋር እንዳለ ይጻፍ። የተረኛው ስልክ ሲም ካርድ ደግሞ በማኅበሩ ስም የተመዘገበ ይሁን። በቀድሞው ጸሐፊ መታወቂያ ከወጣ፣ ጸሐፊው ሥራ ሲለቅ ቁጥሩ አብሮት ይሄዳል፤ ሌሊት ከጣቢያ በር ላይ የሚደውለው አባልም የሚያገኘው ማኅበሩን ሳይሆን እሱን ነው።